የመካነ ሰላም ሽማግሌዎች እርምጃ

ከደቡብ ወሎ ከተመለስኩ ወዲህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያሉ ጎረቤቶቼ አንዱን ጥያቄ እየደጋገሙ ይጠይቁኛል። «እዚያ ድረስ ሄደሽ ምን ሠርተሽ መጣሽ?» ይላሉ። «ሽማግሌዎች ሲራመዱ ለካን» ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷማ፣ «ሽማግሌ ሲራመድ ለማየት ከሆነ እዚሁ ደረጃው ላይ ቁጭ አትይም ነበር?» ብላ ደረጃውን በሙሉ በሳቅ አናወጠችው። ሁሉንም አንድ በአንድ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት። አብዛኞቻችሁ ወደዚያ የምትሄዱ ስለማይመስለኝ መንገዱንም፣ ምግቡንም፣ ያሳደሩኝን ሰዎችም ጨምሬ እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ ተመራማሪዎችን ማሠልጠን ነው። ስለ እርጅናና ስለ ጤና የሚያጠኑ ወጣቶችን ሰብስቤ ዓመት እስከ ዓመት የምለፈልፈው ስለ አንድ ነገር ነው፦ ሥራችሁን የማታውቁት ሰው መጥቶ ቢደግመው ያው ውጤት ይምጣለት። የለካችሁበትን መንገድ ጻፉት፣ ያሰላችሁበትንም አስቀምጡት፤ «እመኑኝ» የሚባል ነገር የለም። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ግን ሰው ሲሠራው እንደምታስቡት ቀላል አይደለም።

መካነ ሰላም እመቤት የምትባል ወጣት መምህርት አለች። ባለፈው ዓመት በአካባቢዋ ያሉ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች አጭር ርቀት ለመራመድ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባቸው ለካች፤ ሁሉም በጣም ዘገምተኛ ሆነው አገኘቻቸው። በእኛ ሙያ እርምጃው የዘገየ ሰው ጤናው እየከዳው ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ ወሬው ትልቅ ነበር። የአዛውንትን ጤና ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ሊጀመር ነውና ቦታ እየተመረጠ ነበር። የእመቤት ውጤት በሌላ ሰው እጅ ተደግሞ ከተገኘ ጥናቱ መካነ ሰላም ላይ ይካሄዳል፣ እሷም ትመራዋለች። ካልተገኘ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። ሥልጠናውን እንድሰጥ፣ በዚያውም ውጤቱ መደገም አለመደገሙን አይቼ እንድጽፍ የተላክሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ከጀሞ የወጣነው ማለዳ ነው። ሾፌራችን ጌታሁን ይባላል፤ ከሰው ይልቅ ከመኪናው ጋር ማውራት የሚወድ ሰው ነው። ዳገት ሲመጣ «በይ እሙዬ» ይላታል፣ ቁልቁለት ሲመጣ «ቀስ፣ ማን አባረረሽ» ይላታል። ሙከጡሪ ላይ ቁርስ በልተን ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ታጠፍን።

የጀማን ሸለቆ ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ከኮንዶሚኒየሜ አራተኛ ፎቅ ላይ ወደ ታች ማየት የምፈራ ሴት ነኝ። እዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ በመስኮት የሚታየኝ አየር ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጌታሁን አይቶኝ ኖሯል።

«ዶክተር፣ ዓይንዎን ቢጨፍኑም ገደሉ እዚያው ነው» አለኝ።

«አንተ ብቻ አትጨፍን!»

ታች ወንዙ ጋ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ሽቅብ ወጥተን ዓለም ከተማ ስንገባ መልሼ ለበስኩ። ጥብስ በልተን፣ ተገላገልኩ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ከፊታችን ደግሞ ወንጭት የሚባል ሌላ ሸለቆ እንዳለ ተነገረኝ። ስለ እሱ ምንም አልጽፍም፤ አላየሁትማ።

ደጎሎ የደረስነው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። ሜዳው አጨዳ ያለፈበት የስንዴና የገብስ ቃርሚያ ነበር፤ ነፋሱ ደግሞ አጥንት ይፈልጋል። ያረፍንበት ቤት ባለቤት አቶ ሰይድ ሽበታቸው የሚያምር፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሰው ናቸው። «ሙቅ ውሃ አለ?» ብዬ ስጠይቃቸው በሰፊው ሳቁ።

«ሻወሩማ ተሰቅሏል፤ ውሃው ነው የቀረው። አብሽሪ ልጄ፣ ውሃም ይሞቃል፣ አንቺም ትሞቂያለሽ» አሉኝ።

ትንሽ ቆይተው በሳፋ የፈላ ውሃ ይዘው ራሳቸው መጡ። እግሬን ነክሬ በረንዳው ላይ ስቀመጥ ትኩስ የስንዴ ዳቦ በማር ቀረበልኝ፤ ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ደግሞ ዳቦ። በቃኝ ባልኩ ቁጥር «ኧረ ወላሂ አልበላሽም!» ይላሉ። ጀሞ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ በሳፋ ግን አምጥቶልኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ምን ልሠራ እንደምሄድ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ሩጫም ትለካላችሁ?» አሉኝ። አይ ስላቸው ቅር አላቸው፤ በወጣትነታቸው ማንም አይቀድማቸውም ነበር አሉ።

ረቡዕ

በጠዋት ተሰናብተን ወጣን። ወረኢሉን አልፈን አቀስታ ልንደርስ ስንል ሜትሩና የሰዓት መያዣው ስቶፕዎች በየትኛው ሻንጣ እንዳሉ ትዝ ሲለኝ፣ ሻንጣው ራሱ የት እንዳለ አብሮ ትዝ አለኝ። ደጎሎ፣ አልጋው ሥር። የፕሮጀክተሩም ገመድ እዚያው ነበር። ለመለካት ሄጄ መለኪያውን ረሳሁ። ጌታሁን ለመኪናው «ሰማሽ?» አላት።

አቀስታ ላይ ኔትወርክ ስናገኝ ለአቶ ሰይድ ደወልኩ።

«ሻንጣሽ ተኝቷል፤ አልቀሰቅሰውም ብዬ ነው» አሉ። «አብሽሪ። እህል የጫነ መኪና ወደዚያው ይሄዳል፤ ሾፌሩን አውቀዋለሁ፣ አሳፍረዋለሁ።»

አቀስታ የገበያ ቀን ይሁን አይሁን አላወቅኩም፤ እኔ የማውቀው ብርዱን ነው። ምሳ የበላንበት ቤት ባለቤት ሽሮና ድንች አቅርባ፣ ስንቀጠቀጥ አየችኝና የሱፍ ባና ከውስጥ አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። አዲስ አበባ ምግብ ቤት በልቼ ልብስ ያለበሰኝ የለም። ስንወጣ ጌታሁን በስተሰሜን በኩል ወደሚታዩ ተራሮች እያመለከተ «ያ መቅደላ ነው» አለ። ሴትዮዋ ደግሞ «ያ አይደለም፣ ከዚያ ማዶ ያለው ነው» አለች። ሲከራከሩ ቆይተው ሁለቱም የተለያየ ተራራ እያመለከቱ ተለያዩ። እኔ ሁለቱንም መቅደላ ብያቸዋለሁ።

መካነ ሰላም መግቢያ ላይ እመቤት ቆማ ጠበቀችን። ቀጭን ናት፤ ስታወራም ስትራመድም ትቸኩላለች። የተያዘልኝ ማረፊያ ውሃ እንደተቋረጠበት ነግራኝ፣ መልሴን ሳትጠብቅ ሻንጣዬን አንስታ ወደ ወላጆቿ ቤት ይዛኝ ሄደች። አባቷ ቄስ ሞገስ በከተማው ዳር ያለው ደብር አገልጋይ ናቸው። እናቷ ወይዘሮ ደብሬ በር ላይ አቅፈው ሳሙኝ፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ እንጂ አራት ጊዜ ብቻ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ራት የባቄላ ወጥ ነበር፤ «በሞቴ» እየተባለ ሁለት ሰው የሚያጠግብ በላሁ።

ቄስ ሞገስ ቁመተ ረጅም፣ ነጭ ጥምጣማቸው ሁሌ ንጹሕ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሰው ናቸው፤ ቀኝ ጉልበታቸውን ግን ያማቸዋል። ልጃቸውን ዐሥር ጊዜ «የኔ ልጅ» ይሏታል። «ጥናቱን እኮ አብረን ነው የሠራነው» አሉኝ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። እመቤት አፍራ ሣቀች። እኔም የአባት ኩራት ነው ብዬ አብሬ ሣቅኩ።

ሐሙስ

ቄስ ሞገስ ሥልጠናው ወዳለበት ድረስ ካልሸኘሁሽ አሉኝ። መንገዱ አጭር ነው፤ እኛ ግን ዘገየን። ከየበሩ የሚወጣው፣ ከየሱቁ የሚነሣው ሁሉ ነጠላውን እያስተካከለ፣ ጎንበስ ብሎ ይመጣና መስቀላቸውን ይሳለማል። ትምህርት ቤት የሚሄደው፣ በግ የሚነዳው፣ ሞተር ሳይክል ላይ ያለው ሳይቀር ይቆማል። በእኛ ሰፈር ሰው ሰላም ሳይል ደረጃውን አብሮ ይወርዳል። እዚያ ከቄስ ጋር የወጣ ሰው ሰዓቱን መርሳት ይሻለዋል።

ክፍል ስንገባ መብራት የለም፣ ሻንጣዬም ገና አልደረሰም። ያዘጋጀኋቸው ስላይዶች ላፕቶፑ ውስጥ ተኝተው ቀሩ። ከሠልጣኞቹ አንዱ ይመር ይባላል፤ የእመቤት የሥራ ባልደረባ ነው፣ ቀልድ የማይጠፋበት። «ዶክተር፣ እኛ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው ያደግነው፤ አያስቡ» አለና ጠመኔ ፈልጎ አመጣልኝ።

ጠመኔው ሲያልቅ በሶ አሰብኩ። ሁሉም በሶ እንዴት እንደሚበጠበጥ በወረቀት እንዲጽፉ አደረግኩና፣ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ በተጻፈው ብቻ እንዲሠራ አዘዝኩ። በወሎ ምድር በሶ የማይችል ሰው የለም፤ ችግሩም ያ ነው። የሚያውቀውን ማን ይጽፋል? አንዷ «ውሃ ጨምር» ብላ ጽፋለች፤ ስንት እንደሆነ አልጻፈችም፤ ይመር ጆጉን ገለበጠው። ሌላው «እስኪበቃ አሽ» ብሎ ነበር፤ ያሸው ሰው እስኪደክመው አሸ። ይመር ያዘጋጀውን በማንኪያ እየጠጣን፣ አንዱን የደረቀው ዱቄት እያስነጠሰው፣ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እመቤት የጻፈችው ግን እንከን አልነበረበትም፤ የእጅ መታጠቡን ሳይቀር አስገብታለች። ጠንቃቃነቷን ያን ጊዜ አየሁት፤ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ስንዴ የጫነ መኪና በር ላይ ቆሞ ክላክስ አደረገ። ሻንጣዬ ከጆንያዎቹ ላይ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጣለች። ስከፍታ ከስቶፕዎቹ ጎን በፌስታል የታሰረ ቆሎና አንድ ሙሉ ዳቦ ነበር። አቶ ሰይድ ምንም አልነገሩኝም ነበር።

ዓርብ

የመደገሙ ቀን ነው። የመጀመሪያውን የሠራው ሰው ሁለተኛው ላይ እጁን አያስገባም፤ ስለዚህ እመቤት ቤት ቀረች። እኔ፣ ይመርና ሁለት ሠልጣኞች እሷ የጻፈችውን መመሪያ ይዘን፣ እሷ ወደ ለካችበት ሰፈር ሄድን። ዳገት በሆነ አገር ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ አንድ አውድማ አገኘንና መስመር አሰመርን። ይመር ጫፉ ላይ ሜትሩን ይዞ ቆመ። የሚራመደው ሰው እንደ ወትሮው ይራመዳል፤ ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።

ፈቃዳቸውን እየጠየቅን አንድ በአንድ አራመድናቸው። አንዲት በጣም ያረጁ እናት ነበሩ፤ እማማ ጥሩዬ ይሏቸዋል። መስመሩን ጨርሰው «ይኸው ነው? ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ የመጣችሁ?» ብለው ዞረው መጡና፣ ማንም ሳያዛቸው ደግመው ሄዱ። ሁሉም እንደዚያ ነበሩ። ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግሩ የሚሄድ ሰው አጭር መስመር አይከብደውም።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። እየቆየ ግን ሰዓቱን ደጋግሜ ማየት ጀመርኩ። ፈጣኖች ናቸው። እመቤት ከጻፈችው ጋር ጨርሶ አይገናኝም።

ሳይመሽ ተመልሰን ውጤቱን አንድ ላይ አየነው። እመቤት ላፕቶፑ ላይ አቀርቅራ ከአምናው ጋር ታነጻጽር ጀመር። ምናልባት ስሌቱ ይሆናል ብለን የድሮ መረጃዋን ከፍተን፣ የስሌት ኮዷን ከመጀመሪያው አስኬድነው፤ ነቁጥ ሳይለወጥ ያው መጣ። ስሌቱ ንጹሕ ነው። ሰዎቹም በአብዛኛው ያው ናቸው።

«ሽማግሌዎቹ በአንድ ዓመት ወጣት ሆኑ እንዴ?» አለች።

ይመር፣ «ዛሬ ጾም ነው፤ ሳይበሉ ቀልሏቸው ይሆን?» አለ። ማንም አልሣቀም፤ እሱም ራሱ። እመቤት ተነሥታ ወጣች። ጥናቱ ወደ ሌላ ወረዳ ከሄደ እሷም የምርምር ሥራ ፍለጋ ከወላጆቿ መራቋ እንደማይቀር ይመር ነገረኝ፤ አንድ ልጃቸው ናት። ያን ቀን ሥራዬን ጠላሁት።

ቅዳሜ

ጠዋት እመቤትን ጠርቼ፣ «አምና ያደረግሽውን ሁሉ ዛሬ በፊቴ አድርጊው» አልኳት። «የጻፍሽውን አይደለም፤ ያደረግሽውን። የሄድሽበትን መንገድ፣ የወሰድሻቸውን ሰዎች፣ ምንም ሳትቀንሺ።»

«እንግዲያው አባዬን ልጥራ» አለች።

«ለምን?»

«ሜትሩን ጫፉ ላይ የሚይዘው እሱ ነበራ። ለእኔማ ማን በር ይከፍታል? ‹የማን ልጅ ነሽ› ሲሉኝ ነው የሚውሉት። ከአባዬ ጋር ስሄድ ግን ሁሉም ይወጣል።»

መመሪያውን አወጣሁ። «ሜትር የሚይዝ ረዳት» ነው የሚለው።

ቄስ ሞገስ ደስ ብሏቸው፣ እንደገና ተፈልጌያለሁ ብለው፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው መጡ። አውድማው ላይ በግራ እጃቸው ሜትሩን፣ በቀኝ እጃቸው መስቀላቸውን ይዘው ጫፉ ላይ ቆሙ። መስቀሉ ከእጃቸው ተለይቶ ስለማያውቅ ማንም ልብ አይለውም። መጀመሪያ የመጡት እማማ ጥሩዬ ናቸው፤ ትናንት ሁለት ጊዜ የተራመዱት። መስመሩ ላይ ቆሙና ቀና ሲሉ ቄሱን አዩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጎንበስ አሉ። ከዚያ እግራቸውን በእርጋታ፣ ትንሽ ትንሽ እያስቀደሙ ሄዱ፤ ሲደርሱ መስቀሉን በግንባራቸውም በከንፈራቸውም ተሳለሙ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏቸው ቄስ ሞገስ፣ ሜትሩን እንደያዙ።

ይመር ስቶፕዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔም አልቻልኩም። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ልክ እንደ እማማ ጥሩዬ አጎንብሰው መጡ። ቀጣዩም። በቄስ ፊት ማን ዘው ብሎ ይሄዳል? እመቤት አምና የለካችው የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳይሆን አክብሮታቸውን ነበር። ከተማ ያደገ ሰው ቢሆን ምናልባት ዓይኑ ይገባ ነበር፤ የቄስ ልጅ ግን ሰው ወደ አባቷ በሌላ ዓይነት አረማመድ ሲመጣ አይታ አታውቅም።

መጀመሪያ እሷም ሣቀች። ወዲያው ግን ሳቋ ቆመ። አባቷ በሙሉ ልባቸው፣ ሜትሩ እንዳይረግብ እየተጠነቀቁ ቆመዋል። እስኪያልቅ ድረስ አንዳችንም አልነገርናቸውም።

ምሳ ላይ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ደብሬ ዳቦ እየቆረሱ ነበር።

«አባዬ፣ አምና የለካሁት ልክ አይደለም። ሰዉ አንተን አይቶ ነው የዘገየው።»

«እኔን?» አሉ።

«መስቀሉን አይቶ።»

ቄስ ሞገስ ዳቦውን እጃቸው ላይ እንዳለ አቆዩት። «ታዲያ ሰው ለመስቀል ይሮጣል እንዴ?» አሉ። ቀጥለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንግዲህ ልፋትሽን ያጠፋሁት እኔ ነኛ» አሉ።

«አንተ ምን አጠፋህ? ሳልጽፍህ የቀረሁ እኔ ነኝ። አባቴ ስለሆንክ እንደ ረዳት እንጂ እንደ ቄስ አላሰብኩህም።»

«ሥራሽ ወደቀ?»

«ወደቀ አባዬ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። ወደ እኔ ዞራ፣ «ሽማግሌዎቹ ደኅና ናቸው ማለት እኮ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አላለኝም» አለች። እንዲህ ብሎ እውነቱን የሚናገር ተመራማሪ ብዙ አላጋጠመኝም፤ ወደድኳት።

ቄስ ሞገስ ዳቦውን ሳይቀምሱ አስቀምጠው ወጡ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ግቢው ውስጥ አጥር ሲጠግኑ ዋሉ፤ አጥሩ ምንም አልሆነም ነበር።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ቤት ስንመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ጠበቀን። ቄስ ሞገስ ናቸው የሰበሰቡት፤ ሽማግሌ አሮጊቱን ሁሉ «ቤቴ መጥታችሁ ተራመዱልኝ» ብለዋቸዋል። ወይዘሮ ደብሬ ጠላና ድፎ ዳቦ አዘጋጅተዋል።

«እኔ ጓሮ ነኝ» አሉ ቄስ ሞገስ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሳይለካ እኔን ሊሳለም የሚመጣ ሰው እንዳይኖር! በመስቀሌ ገዝቼአለሁ!» ብለው ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ጠፉ።

እመቤት ራሷ መራችው። ሜትሩን መሬት ላይ ዘርግታ በድንጋይ ያዘችው፤ ጫፉ ላይ ማንም አልቆመም። ሰዉ እየተራመደ፣ እየጨረሰ፣ እግረ መንገዱን ጓሮ ዞሮ መስቀል ተሳልሞ ይመለሳል። ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ «አንተ! ተለክተሃል?» የሚል ድምፅ ይሰማል። እማማ ጥሩዬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ የሙያው አዋቂ ሆነው አዲስ ለመጡት «አትፍሩ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ» እያሉ ያስረዳሉ።

ውጤቱ ከዓርቡ ጋር ገጠመ። እመቤት ላፕቶፗን ከፍታ መመሪያው ላይ አንድ መስመር ጨመረች፤ ከመስመሩ ጫፍ ላይ ሰው አይቁም የሚል።

ይመር፣ «ቄስ አይቁም ብትዪው አይበቃም?» አላት።

«ማንም አይቁም» አለች። «ሰው ወደ ማን እንዴት እንደሚሄድ እኔ በምን አውቃለሁ?»

የጻፍኩትን ሪፖርት እዚህ አልደግመውም፤ ፍሬ ነገሩን ብቻ ልንገራችሁ። ውጤቱ አልተደገመም ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንዳልተደገመም ያገኘችው፣ ሳትደብቅ የጻፈችውና መንገዱን ያስተካከለችው ራሷ እንደሆነች ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ሰው ያለበትን ቦታ ትቶ መሄድ ቂልነት ነው የሚል ዓረፍተ ነገርም ነበረበት፤ ቃሉን አለዘብኩት እንጂ አላወጣሁትም። የላኩኝ ሰዎች መልስ የመጣው ጀሞ ከተመለስኩ በኋላ ነው፦ ጥናቱ መካነ ሰላም ላይ ይሁን፣ እመቤትም ትምራው። ስነግራት በስልክ የሰማሁት የሷን ድምፅ ሳይሆን የወይዘሮ ደብሬን እልልታ ነበር።

ሰኞ

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ሰኞ ጠዋት ጌታሁን መኪናውን አሙቆ፣ ወይዘሮ ደብሬ ገብስ ቆሎና ድፎ በፌስታል አስረው፣ ልንወጣ ስንል ቄስ ሞገስ መጡ። ጥምጣማቸውን አድርገዋል፤ መስቀሉን ግን ለወይዘሮ ደብሬ ሰጥተዋል።

«አገሩን ሁሉ ስትለኩ የእኔን ማን ለካ?» አሉ። «እኔስ ስልሳን አላለፍሁም?»

እውነታቸውን ነበር። ሁለት ጊዜ ሜትር ይዘው ቆመው፣ አንድ ጊዜ ጓሮ ተደብቀው፣ አንድም ቀን አልተለኩም። ግቢው ውስጥ ሜትሩን ዘረጋን። እኔ ስቶፕዎቹን ያዝኩ፤ ሊሰናበተን የመጣው ይመር መዝገቡን። እመቤት ደስ ብሏት የሜትሩን ጫፍ አንስታ ወዲያ ማዶ ቆመች።

«በሉ አባ፣ እንደ ወትሮው» አልኳቸው።

ቄስ ሞገስ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩ። ያ የማይቸኩል፣ ከተማውን ለማቋረጥ ግማሽ ጠዋት የሚፈጅ ሰው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ መስመሩን እንደ ጎረምሳ በረረበት። ሲደርሱ የእመቤትን ሁለቱንም ትከሻዎች ያዙ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ይሥቃሉ።

«አባ፣ ይሄኛው አይቆጠርም» አልኳቸው።

«ምነው? ዘገየሁ?»

«ኧረ ፈጠኑ።»

እመቤት ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወደ እግሯ፣ ወደ ቆመችበት ቦታ አየች። ሜትሩን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችና ዓይኗን እየጠረገች ከመኪናው ጀርባ ሄደች።

በሁለተኛው ጊዜ ቄስ ሞገስ ማንም ወደሌለበት፣ ቀኝ እግራቸውን ጎተት እያደረጉ፣ እንደ ዕድሜያቸው ተራመዱ። ይመር ያንን መዘገበ። የመጀመሪያውን መመሪያው ስለማይፈቅድ የትም አላስገባነውም፤ እዚህ የጻፍኩት ለዚያ ነው።